ከማፍረስ በፊት መመደብ ይቅደም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ አራዳ ሸቀጣ ሸቀጥ በጅምላ እሸጣለሁ። ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ መኮሮኒ፣ ዱቄት፤ እንዲህ እንዲህ ያለውን። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ መንገድ ነው። መሐንዲስ አይደለሁም። የትራፊክ ደንብም የማውቀው ዕቃ የሚያመጡልኝ ሾፌሮች ተቀጥተው ሲያማርሩ ሰምቼ ነው። ነገር ግን ሱቄ በር ላይ ወንበር አውጥቼ ስቀመጥ ፊት ለፊቴ ያለው መንገዱ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ አይቼዋለሁ።

ሰሞኑን ሁለት የደሴ ሰው ከተገናኘ ወሬው «ከተማዋ ጠበበች» ነው። መፍትሔውም አፍ ላይ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው፦ ይፍረስና ይስፋ። ቡና ላይም፣ ለቅሶ ቤትም፣ ስብሰባ ላይም ይኸው ነው። እኔ አልስማማም። መስፋት ያለበት ቦታ የለም ማለቴ አይደለም። ያለውን መንገድ ገና በቅጡ አልተጠቀምንበትም ነው የምለው። ግራና ቀኙ ሲነጋ ቆሞ ሲመሽ በሚነሳ መኪና ተይዟል። በዚያ ላይ ዕቃ የሚያራግፍ አይሱዙ ተደርቦ ይቆማል። ባጃጁ ደግሞ ሰው ባገኘበት ይቆማል። ለሚሄደው የምትተርፈው መሀሏ ብቻ ነች። ነገ መንገዱ እጥፍ ቢሰፋ መኪናው በሁለት ረድፍ ይቆማል እንጂ ሌላ ለውጥ አይታየኝም።

ደግሞስ ወዴት ነው የምንሰፋው? በአንድ በኩል የጦሳ ተራራ፣ በሌላ በኩል አዝዋ ገደል፣ መሀል ላይ የቦርከና ወንዝ። ከተማዋ ሸለቆው ውስጥ መንገዱን ተከትላ ረዝማ የተኛች ናት። አዲስ አበባ አንዱ መንገድ ቢዘጋ በሌላ ይዞራል። እኛ ጋ መዞሪያው ጥቂት ነው፣ እሱም አብዛኛው ዳገት ነው። ሁሉም ዞሮ ዞሮ ያው አስፋልት ላይ ይወድቃል። ከአዲስ አበባ 401 ኪሎ ሜትር መጥቶ ወደ ወልድያ የሚያልፈው አገር አቋራጭ፣ የሐረጎን ዳገት እያቃሰተ የወጣው ተሳቢ፣ ከሐይቅና ከኩታበር የሚገባው ሚኒባስ፣ ከሰኞ ገበያ ፒያሳ የሚመላለሰው ባጃጅ፣ ደብተሩን ይዞ ወደ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት የሚሄደው ተማሪ፣ ሁሉም እዚያው ላይ ይገፋፋል። የተራራውን እግር ቆርጦ ማስፋት ደግሞ እንደ አፍ አይቀልም። የደሴ መሬት ይንሸራተታል። ክረምት በመጣ ቁጥር ዳገቱ ላይ ቤት የሠራ ሰው እንቅልፍ የለውም። ተዳፋቱን ከሥር ከቆረጡት ከላይ ያለውን ማን ይይዘዋል? የመሬት ነገር ያጠኑ ሰዎች ደጋግመው ጽፈውበታል። የአገሩ ሰው ሳያነብም ያውቀዋል።

ከማውረጃው ልጀምር። የማውቀው እሱን ነው።

መሀል ደሴ የሚገባው ዕቃ በብዛት የሚመጣው በአይሱዙና ኤፍኤስአር በሚባለው ከፍ ያለ የጭነት መኪና ነው። ከአዲስ አበባ ማለዳ የተነሳ መኪና እኛ ጋ የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ ነው። ልክ ተማሪ ሲለቀቅ፣ ሠራተኛ ሲወጣ። ከኮምቦልቻ የሚመጣው ደግሞ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ባሻው ሰዓት ይመጣል። መኪናው ሱቅ በር ላይ ይቆማል፣ ሸራው ይነሳል፣ ጫኝና አውራጆቹ ዋጋ ይከራከራሉ። ይኼ ክርክር አንዳንዴ ከማውረዱ ይረዝማል። ከዚያ ዕቃው በሰው ጀርባ አንድ በአንድ ይገባል። ይህ ሁሉ ሲሆን ከወዲህም ከወዲያም የሚመጣው በአንዲት ረድፍ ነው የሚያልፈው። አንዱ ይጠብቃል፣ ሌላው ያልፋል፣ ሦስተኛው «ምን አስጠበቀኝ» ብሎ ይገባል። በቃ፣ ተቆላለፈ። ክላክሱ ይጀመራል።

ባለፈው ኅዳር እንዲህ ተቆላልፎ መሀሉ አምቡላንስ ገባ። የሚራገፈው የጎረቤቴ ስኳር ነበር። አውራጆቹ ኩንታሉን እንደተሸከሙ ቆሙ። አንዱ ወደኔ ዞሮ «አብሽሪ እትዬ፣ አምስት ደቂቃ ነው» አለኝ፣ ስኳሩ የኔ ይመስል። መኪናው ይነሳ ቢባል ሾፌሩ የለም። ቁልፉን ይዞ ምሳ ሄዷል። ልጆች በየምግብ ቤቱ እየሮጡ ፈለጉት። እጁን ሳይታጠብ መጣና አነሳው። አምቡላንሱ አለፈ። ውስጥ የነበረው ሰው ምን እንደሆነ አላውቅም። የደሴው ሪፈራል ሆስፒታል የደሴ ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከደቡብ ወሎም ከሰሜን ወሎም፣ ከኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንም ከአፋርም በሽተኛ ተልኮ የሚመጣበት ነው። አንድ አይሱዙ አራዳ ላይ መንገድ ሲዘጋ ስንት ወረዳ ላይ እንደሚዘጋ ገምቱት።

እኔ የምጠይቀው የማውረጃ ሰዓት እንዲወጣ ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ቢሆን ይበቃል። በምሽት ይሁን የሚሉ አሉ። በምሽት ሰው እንደ ልቡ ስለማይንቀሳቀስ አይሆንም ባይ ነኝ። ንጋት ላይ ግን መንገዱ ባዶ ነው። እርግጥ ነው፣ የደሴን የታኅሣሥ ንጋት የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ይሰቀጥጠዋል። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለነው። ጫኝና አውራጆቹም ጭማሪ ይጠይቃሉ፣ መጠየቅም አለባቸው። ጭማሪውን እከፍላለሁ። አሁንስ መች ቀረልኝ? ሾፌሩ በተቀጣ ቁጥር ቅጣቱን ኪራዩ ላይ ይደምርብኛል።

ሰዓት ማውጣት ብቻውን ግን አይሠራም። ከሰዓት በኋላ የደረሰው መኪና እስኪነጋ የት ይደር? ቦታ ካልተሰጠው ከተማው መግቢያ ላይ የመንገዱን ጠርዝ ይዞ ያድራል፤ ችግሩን ከአራዳ አንስተን መግቢያው ላይ አራገፍነው ማለት ነው። ስለዚህ በኮምቦልቻ በር አንድ፣ በሐይቅ በር አንድ የጭነት መኪና ማደሪያ ያስፈልጋል። አጥር፣ ጥበቃ፣ መብራት፣ ሽንት ቤት፣ ሻይ የሚያፈላ ሰው። ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ከባድ መኪና በቀን የሚገባበትን ሰዓት ከወሰነች ዓመታት አልፈዋል። እዚያ የሚነዱ ሾፌሮች ናቸው እዚህም የሚመጡት፤ ደንቡ አዲስ አይሆንባቸውም። በእጅ ጋሪ ትንሽ ትንሽ የሚያመላልሰውን ባለ ሱቅ ግን አትንኩት። እሱ መንገድ አይዘጋም።

ሁለተኛው ነገር የቆመ መኪና ነው። እዚህ ላይ ጎረቤቶቼ ይቀየሙኛል። በየሱቁ በር ቀኑን ሙሉ የቆመው መኪና የደንበኛ አይደለም። የባለ ሱቁ ነው። ጠዋት መጥቶ ያቆመዋል፣ ማታ ሱቁን ዘግቶ ይወስደዋል። ደንበኛ ሲመጣ ማቆሚያ አጥቶ መሀል አስፋልት ላይ «አንዴ» ብሎ ይወርዳል። ኋላው ያለው ሁሉ ያቺን «አንዴ» ይጠብቃል። አንድ የቤት መኪና ቁመቱንና ወርዱን፣ በር መክፈቻውንም ጨምሮ 12 ካሬ ሜትር ገደማ ይይዛል። አራዳ ላይ 12 ካሬ ሱቅ ያለን ስንቶቻችን ነን? ለዚያች ሱቅ በየወሩ ኪራይ እየከፈልን በሯ ላይ ያለውን እኩያዋን በነፃ ይዘን እንውላለን።

ያስከፍሉበት። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በነፃ፣ ከዚያ በየሰዓቱ እየጨመረ የሚሄድ፣ ደረሰኝ ያለው። «ገበያ ይሞታል» የሚሉ አሉ። ገበያዬን የሚያመጣልኝ በእግሩና በባጃጅ የሚመጣው ሰው ነው። በመኪና የሚመጣውም ቶሎ ገዝቶ ቶሎ ሲነሳ ነው የሚጠቅመኝ። አሁን ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል፤ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከ2016 ጀምሮ ተከልክሏል። ጥሩ ነው፣ ጭሱ ይቀንሳል። ቆሞ ሲውል ግን በኤሌክትሪክም ይሂድ በናፍጣ የሚይዘው ቦታ ያው 12 ካሬ ነው።

ባጃጆቹን ሰው ሁሉ ይወቅሳቸዋል። እኔ ልጆቹን አልወቅስም። «ወራጅ አለ!» የምንለው እኛ ነን። ደጃችን ላይ ካልወረድን እንቆጣለን። ከዚያ «ባጃጅ አስቸገረ» እንላለን። ፌርማታ ይሰመርላቸው፣ እዚያ ብቻ ይቁሙ። እኛም መቶ እርምጃ ብንሄድ አንሞትም።

ዋናው ሐሳቤ ግን ሌላ ነው። ደሴ ረጅምና ጠባብ መሆኗ ለአውቶቡስ ጥሩ ነው። በየአቅጣጫው የተዘረጋ ከተማ ስንት መስመር ያስፈልገዋል? የእኛ ሰው ግን አብዛኛው የሚሄደው በዚያው አንድ መስመር ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመላለስ፣ በየተወሰነ ደቂቃ የሚመጣ አውቶቡስ ቢኖር ስንቱን ባነሳ! ሒሳቡን ሱቄ ውስጥ በካርቶን ጀርባ ላይ ሠርቼዋለሁ። ባጃጅ የሚፈቀድለት 3 ሰው ነው። 60 ሰው ለማንሳት 20 ባጃጅ ያስፈልጋል። የአንዱ ቁመት 2 ሜትር ከ60 ገደማ ነው፤ 20ው አፍንጫና ጭራ ቢነካኩ እንኳ ከ50 ሜትር ያልፋሉ። መሀላቸው ክፍተት ሲጨመርበት ደግሞ እጥፍ ነው። ያንን ሁሉ ሰው የሚይዝ አውቶቡስ ቁመቱ 12 ሜትር ነው። ባጃጁ ሥራ አያጣም። አውቶቡስ የማይወጣው ዳገት ሞልቷል። የጦሳ ሥር ሰፈሮች፣ ገራዶ የሚወርደው፣ ሆጤ ውስጥ ውስጡን ያለው፣ ሁሉም ባጃጅ ይፈልጋል። ከዋናው መንገድ ሰውን ተቀብሎ ወደ ሰፈሩ ያድርስ። ልጆቹ ራሳቸው ቢጠየቁ ብዙዎቹ ይመርጡታል። ፒያሳ ተቆልፈው ቤንዚን ከማቃጠል ይሻላቸዋል።

እግረኛን ረስቼው አይደለም። አብዛኛው ሰው እግረኛ ነው። የትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. ስለ እግረኛና ስለ ብስክሌት አገር አቀፍ ስትራቴጂ አውጥቷል። ጥሩ ወረቀት ነው ይላሉ። እኛ ጋ ግን የእግር መንገዱ ግማሽ ቦታ ላይ ክፍት ቦይ ነው፣ ግማሽ ቦታ ላይ የሱቅ ዕቃ ነው። ክረምት ሲሆን ከዳገቱ የሚወርደው ውሃ ጠጠርና አፈር ይዞ ይመጣና ቱቦውን ይደፍነዋል። ውሃው መንገዱን ይይዛል። ሰው አስፋልት ላይ ይወጣል። ጉም ወርዶ ፊት ለፊት በማይታይበት ቀን አስፋልት ላይ የወጣን ሰው ሾፌር እንዴት ያየዋል? ከሰኔ በፊት ቱቦ መጥረግ የትራፊክ ሥራ አይመስልም፤ ግን ነው። ጉሊት የያዙትን ሴቶች ደግሞ ማባረር ብቻ መፍትሔ አይሆንም። ሲባረሩ ሃምሳ ሜትር ሄደው ይቀመጣሉ። ገዢው ያለው መንገዱ ላይ ነዋ! የተሰመረ ቦታ ይሰጣቸው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሳወራ የእህቴ ልጅ ይስቅብኛል። ኮምቦልቻ ሲቪል ምህንድስና ይማራል። «አክስቴ፣ መጀመሪያ መቁጠር ነው» ይለኛል። መኪናውን ብቻ ሳይሆን ሰውንም፤ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ በምን እንደሚሄድ፣ በስንት ሰዓት። እውነቱን ነው። በ1999ኙ ቆጠራ የደሴ ከተማ ነዋሪ 120 ሺህ ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ በአገሪቱ የሕዝብ ቆጠራ አልተካሄደም። ስንት እንደሆንን ሳናውቅ ነው የመንገድ ስፋት የምንከራከረው።

ሲቆጠር ግን ቀኑ ይታሰብበት። ሐሙስ ቆጥሮ የሄደ ሰው ደሴን አያውቃትም። ሰኞ ይምጣና ይየው! ከየገጠሩ አህያው፣ በጉ፣ ጤፉ፣ ማሩ ይወርዳል። ሰኞ ገበያ ዙሪያ መንገዱ የመኪና መሆኑ ይቀራል። እኔ ብሆን ሰኞ ሰኞ ገበያው አካባቢ ያለውን መንገድ እስከ 9 ሰዓት ለመኪና ዘግቼ ለገበያተኛ እሰጠው ነበር። አሁንም በተግባር ዝግ ነው፤ ልዩነቱ ሾፌሩ ይህን ሳያውቅ ገብቶ መሀል ላይ መቅረቱ ነው። መስከረም ሲገባ ደግሞ የግሸን ማርያም መንገደኛ አለ። 21 ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት ከየአገሩ የሚመጣው አውቶቡስ ደሴ ያድራል፣ ደሴ ይበላል፣ ደሴ ያዘግማል። ቀኑ ከዓመት ዓመት አይቀየርም። በየዓመቱ ግን እንግዳ ደራሽ እንደመጣብን እንደናገጣለን። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ተማሪ አለው። ልጆቹ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው በየመስቀለኛው ቢቆሙ፣ አንድ ሰኞ፣ አንድ ሐሙስ፣ አንድ የክረምት ቀን፣ ለከተማውም ለነሱም ትምህርት ነበር።

የኮሪደር ልማቱ ወደኛም መጥቷል። ሰፊ የእግር መንገድ፣ መብራት፣ አበባ። የሚጠላ የለም። አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። የማውረጃ ቦታ አብሮ ካልተነደፈ አይሱዙው የሚወጣው አዲሱ ንጣፍ ላይ ነው። ሌላ ምን ምርጫ አለው? ሱቁ አልተነሳ፣ ዕቃው አልቀረ። በመጀመሪያው ክረምት ንጣፉ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ነጋዴው ይወቀሳል። ይህን አስቀድሜ ልናገር ብዬ አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። «እየተጠና ነው፤ ሲያልቅ ትወያዩበታላችሁ» አሉኝ። ካለቀ በኋላ ምኑ ላይ ነው የምንወያየው? ሥዕሉን አሁን ያሳዩን። እኔ ሥዕል ማንበብ ባልችል ሾፌሩ፣ አውራጁ፣ ባለ ባጃጁ «እዚህች ጋ መኪና አይዞርም» ብሎ በጣቱ ያሳያል።

ከተማውን ሙሉ አንድ ጊዜ ቀይሩ አልልም። አንድ መንገድ ይመረጥ፣ አራዳ ቢሆን ደስ ይለኛል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሦስት ወር ይሞከር፦ የማውረጃ ሰዓት፣ የሚከፈልበት ማቆሚያ፣ የባጃጅ ፌርማታ። የሚያስፈልገው ቀለም፣ ጥቂት ታፔላና ቆራጥ ትራፊክ ፖሊስ ነው። ካልሠራ ቀለሙ ይጠፋል፤ የፈረሰ ቤት ግን አይመለስም። ለመጀመሪያው ሳምንት ቅጣት አይኑር። ሰዓቱ ሲወጣም አስቀድሞ በጽሑፍ ለእያንዳንዳችን ይድረሰን። ከአዲስ አበባ የሚነሳው ሾፌር የደሴን ማስታወቂያ አያይም፤ ደውለን «ማደሪያው ጋ ጠብቅ፣ ንጋት ላይ ግባ» የምንለው እኛው ነን።

አክባሪያችሁ
አንዲት የአራዳ ነጋዴ፣ ከደሴ